«አንደኛ ነን» የሚል ሬዲዮ ምኑን ቆጥሮ ነው? ሬቲንግና የፖለቲካ ወገንተኝነት

አሜሪካ ውስጥ ስለ ሬዲዮና ፖለቲካ ክርክር ሲነሳ ሁለቱም ወገን የሚመዘው ያንኑ ቁጥር ነው፦ ሬቲንግ የሚባለውን የአድማጭ ልኬት። አንዱ «ጣቢያው በከተማው ቁጥር አንድ ነው፤ ሕዝቡ የሚፈልገው ይህንን ነው» ይላል። ሌላው «ሬቲንጉ የወደቀው ወገንተኛ ስለሆነ ነው፤ ሰው አንገሽግሾት ነው» ይላል። ሁለቱም ሬቲንግን እንደ ምርጫ ውጤት ያነቡታል። ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ ድምፅ የሰጠ ይመስላቸዋል።

ይህ አነባበብ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሬቲንግ የሚቆጥረው ጆሮን ነው። እሱንም የሚቆጥርበት የራሱ መንገድ አለው። ጣቢያው ወደየት እንደሚያዘነብል የሚወስነው ግን በአብዛኛው ሌላ ነገር ነው፦ ባለቤቱ ማን ነው? ፕሮግራሙ ስንት ያስወጣል? ማስታወቂያውን የሚገዛው ማን ነው? እነዚህን ሳይጠይቁ ስለ ቁጥሩ ብቻ መጨቃጨቅ የትም አያደርስም።

ነገሩን ለማስረዳት የሳን ፍራንሲስኮውን ኬጂኦ ታሪክ ልጠቀም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኬጂኦ በኤኤም 810 ላይ በ50 ሺህ ዋት የሚያሰራጭ የዜናና የውይይት ጣቢያ ነበር። ሌሊት ሌሊት ሞገዱ ርቆ ስለሚሄድ ከካሊፎርኒያ ውጭ ያሉ ሰዎችም ያዳምጡት ነበር። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ገደማ በአካባቢው የሬቲንግ ሰንጠረዥ አናት ላይ ተቀምጧል። በሬዲዮ ዓለም ይህን ያህል ጊዜ አንደኛ ሆኖ መቆየት ብርቅ ነው። አዘጋጆቹ ደግሞ የአንድ ወገን ሰዎች አልነበሩም። ሮን ኦወንስ መሐል ላይ ሆኖ ሁለቱንም ወገን ያፋጥጥ ነበር። ሌሊቱን የሚይዘው ሬይ ታሊያፌሮ በግልጽ ሊበራል ነበር። ጂን በርንስ ደግሞ «መንግሥት እጁን ይሰብስብ» ከሚሉት ወገን ነበር። ደዋዩም የሚደውለው ብዙ ጊዜ ለመከራከር ነው። እንዲያም ሆኖ «ኬጂኦ የግራዎች ጣቢያ ነው» የሚሉ ሰዎች ሞልተው ነበር።

እዚያው ከተማ ውስጥ በኤኤም 560 ላይ ኬኤስኤፍኦ የሚባል ጣቢያ ነበር። እሱ ከ1995 ጀምሮ ወግ አጥባቂ አዘጋጆችን ብቻ ሰብስቦ የቀኝ ቶክ (የውይይት) ሬዲዮ ሆነ። ማይክል ሳቬጅ በኋላ በመላ አገሪቱ የታወቀው ከዚያ ተነስቶ ነው። እናም ሁለቱ ጣቢያዎች ለረጅም ጊዜ የአንድ ኩባንያ ንብረት ነበሩ። አንዱ ኪስ ከሊበራሉም ከወግ አጥባቂውም አድማጭ የሚገኘውን ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። የጣቢያ ባለቤት የግድ የራሱን እምነት ይሰብካል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ጥሩ ማስተካከያ ነው። አንዳንዱ ይሰብካል። ብዙው ግን ክፍት ገበያ ያየበት ላይ ነው የሚገባው።

ቁጥሩ እንዴት ይሠራል?

«ሬቲንግ» የምንለው ነገር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮችን ያቀፈ ነው። አንድ ሺህ ሰው የሚኖርበት ከተማ እናስብ። ጠዋት ላይ ከሺው ሰው መቶው ሬዲዮ ከፍቷል። ከመቶው ስድስቱ አንድን ጣቢያ እየሰሙ ነው። ከከተማው ሕዝብ አንጻር ጣቢያው 0.6 በመቶ አለው። በትክክለኛው ትርጉም ሬቲንግ የሚባለው ይህ ነው። ሬዲዮ ከከፈቱት ሰዎች አንጻር ግን 6 በመቶ አለው። ይህ ሼር ወይም የአድማጭ ድርሻ ይባላል። በየወሩ በዜና የሚወጣውና ጣቢያዎች «አንደኛ ነን» እያሉ የሚፎክሩበት ቁጥር በአብዛኛው ሼር ነው። ሦስተኛው ኪዩም ይባላል። በሳምንቱ ውስጥ ጣቢያውን አንዴም ቢሆን የጎበኙ የተለያዩ ሰዎች ብዛት ነው።

ትልልቅ ከተሞች ውስጥ አንደኛ የሚወጣው ጣቢያ ብዙ ጊዜ ከአሥር በመቶ ያነሰ ሼር ነው ያለው። ስለዚህ «ከተማው በሙሉ ይሰማናል» ማለት አይቻልም። ሬዲዮ ከከፈተው ሰው እንኳ አብዛኛው ያለው ሌላ ጣቢያ ላይ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የጊዜ ርዝመት ነው። ሼር ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይለካል፦ ስንት ሰው ሰማ፣ ለምን ያህል ጊዜ ሰማ። አሥር ሰው እያንዳንዱ ስድስት ስድስት ሰዓት ቢሰማና ስልሳ ሰው አንድ አንድ ሰዓት ቢሰማ ውጤቱ እኩል ነው። የፖለቲካ ቶክ ሬዲዮ ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው። አድማጩ በቁጥር ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ግን ታማኝ ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ አይነቀልም። አንድ ሰው ከምሳ በፊትም ከምሳ በኋላም እዚያው እንዲቆይ የሚያደርገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስሜት ነው። ቁጣ፣ ስጋት፣ «እኛና እነሱ» የሚል ወሬ አድማጭን ይይዛል። ቁጥሩ ራሱ ግራም ቀኝም የለውም። ሰውን ወንበሩ ላይ አጣብቆ ለሚያቆይ አቀራረብ ግን ጥሩ ይከፍላል።

ቁጥሩን የሚሰበስበው ድርጅት ለብዙ ዓመታት አርቢትሮን ነበር። በ2013 ኒልሰን ገዛውና አሁን ሥራው በኒልሰን እጅ ነው። የቀድሞው ዘዴ የወረቀት ማስታወሻ ነበር። ለተመረጡ ሰዎች ትንሽ ደብተር ይላካል። ከሐሙስ እስከ ረቡዕ የሰሙትን ጣቢያና ሰዓት ይጽፋሉ፣ ይመልሳሉ። በትንንሽ ከተሞች ዛሬም የሚሠራው በዚሁ ነው።

የደብተሩ ችግር ሰው የሚጽፈው የሰማውን ሳይሆን ሰማሁ ብሎ የሚያስታውሰውን መሆኑ ነው። ስሙ የገነነ ጣቢያና የሚወደድ አዘጋጅ በደብተር ላይ ይጠቀማሉ። «እኔ የኬጂኦ ሰው ነኝ» የሚል አድማጭ በሳምንቱ መጨረሻ ተቀምጦ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት እያለ ይሞላል። መሐል ላይ ዘፈን ፍለጋ ጣቢያ መቀየሩን አይጽፍም። ፀጉር ቤት ቁጭ ብሎ የሰማውንም አይጽፍም።

ከ2007 ጀምሮ በትልልቅ ከተሞች አዲስ መሣሪያ መጣ። ፒፒኤም ይባላል። የድሮውን ፔጀር የምታክል ቀበቶ ላይ የምትታሰር ዕቃ ነበረች። ጣቢያዎች ስርጭታቸው ውስጥ ጆሮ የማይለየው ምልክት ይከታሉ። መሣሪያዋ በአቅራቢያዋ ያለውን ድምፅ እየሰማች ምልክቱን ትለቅማለች። የያዛት ሰው ምንም መጻፍ አይጠበቅበትም፤ ይዟት መዞር ብቻ ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ ወደዚህ ዘዴ የገባችው በ2008 ነው። ብዙም ሳይቆይ ኬጂኦ የሠላሳ ዓመት ወንበሩን አጣ። አዘጋጆቹ ያው ናቸው። የፖለቲካ አቋማቸው አልተለወጠም። ሞገዱም ያው ነው። የተለወጠው ሚዛኑ ነው። በእርግጥ አድማጩ እያረጀ ነበር፤ ኢንተርኔትም እየገፋ ነበር። ግን አንድ ጣቢያ ቁልቁል ሲወርድ «በወገንተኝነቱ ሕዝብ ቀጣው» ብሎ ከመደምደም በፊት ሚዛኑ ተቀይሮ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። አዲሱ ዘዴ ያሳየው ሰው ከሚያስበው በላይ ጣቢያ እንደሚቀያይር ነው። የሙዚቃ ጣቢያዎች በዚህ ተጠቀሙ፤ ብዙ የንግግር ጣቢያዎች ተጎዱ።

አዲሱ ሚዛንም ቢሆን እንከን አላጣውም። ገና ሥራ ሲጀምር፣ በ2008፣ የኒው ዮርክና የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጎች አርቢትሮንን ከሰሱ። ክሱ የጥቁሮችንና የስፓኒሽ ተናጋሪዎችን ጆሮ በአግባቡ አልቆጠራችሁም፣ በዚህም እነሱን የሚያገለግሉ ጣቢያዎችን ጎድታችኋል የሚል ነበር። በ2009 መጀመሪያ ላይ ኩባንያው አሠራሩን ለማሻሻል ተስማምቶ ነገሩ በስምምነት አለቀ። ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ ውስጥ መሣሪያውን የሚይዙት ጥቂት ሺህ ሰዎች ናቸው። እነዚያ ጥቂት ሺዎች ሲመረጡ አንድ ሰፈር ከተዘነጋ የዚያ ሰፈር ጣቢያ ከሰንጠረዡ ላይ ይጠፋል። ስለ ወገንተኝነት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ ጋዜጠኛውን እንጠረጥራለን። እኔ ግን ቆጠራው ውስጥ ያለው መዛባት ከአዘጋጁ ምላስ የበለጠ የሚጎዳበት ጊዜ አለ ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ማንም አይሰማውም።

ሌላም ጉድ ነበረ። ያ ጆሮ የማይለየው ምልክት የሚደበቀው በድምፅ ውስጥ ነው። ሙዚቃ ያለማቋረጥ ስለሚጮህ ምልክቱ በደንብ ይቀመጥበታል። ንግግር ግን ፋታ ይበዛዋል። ሰው ትንፋሽ ሲወስድ፣ ቃል ፈልጎ ሲያቆም፣ ምልክቱ የሚደበቅበት ያጣል። በ2014 አካባቢ ቮልቴር የሚባል ምልክቱን የሚያጠነክር ዕቃ ገበያ ላይ ወጣና ጣቢያዎች በ15 ሺህ ዶላር ይገዙት ጀመር። ኒልሰን መጀመሪያ ተቃወመ። በ2015 ግን ራሱ የምልክቱን ጥንካሬ አሻሻለ። እንግዲህ ከዚያ በፊት ስንት የንግግር ጣቢያ አዘጋጅ «አድማጭ ሸሽቶሃል» ተብሎ እንደተባረረ ማሰብ ነው።

የአቆጣጠር ደንቡም ይቀየራል። ሬዲዮ የሚቆጠረው በሩብ ሰዓት ነው። ለረጅም ጊዜ ደንቡ አንድ ሰው በሩብ ሰዓቱ ውስጥ አምስት ደቂቃ ከሰማ ሩቡን ሰዓት በሙሉ እንደሰማ ይቆጠር የሚል ነበር። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ፒፒኤም ባለባቸው ከተሞች ሦስት ደቂቃ ይበቃል። አንድ ጣቢያ ከ2024 ወደ 2025 ሬቲንጉ ጨመረ ከተባለ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው።

ደግሞ የማን ቁጥር? በይፋ የሚታተመው ከስድስት ዓመት በላይ ያለውን ሰው ሁሉ ያጠቃልላል። አስተዋዋቂዎች የሚገዙት ግን በአብዛኛው ከ25 እስከ 54 ዓመት ያለውን ነው። የፖለቲካ ቶክ ሬዲዮ አድማጭ ዕድሜው ገፋ ያለ ነው። ስለዚህ ጣቢያው በይፋዊው ሰንጠረዥ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ማስታወቂያ በሚሸጥበት ሰንጠረዥ ላይ አሥራ አምስተኛ ሊሆን ይችላል። ለኒልሰን የማይከፍል ጣቢያ ደግሞ በይፋዊው ዝርዝር ላይ ጭራሽ አይወጣም።

ታዲያ ቶክ ሬዲዮ ለምን ወደ ቀኝ አዘነበለ?

ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ «በ1987 ፌርነስ ዶክትሪን ስለተነሳ።» መልሱ እውነት አለው፤ ግን ግማሽ ነው።

ፌርነስ ዶክትሪን በ1949 የወጣ የኤፍሲሲ መመሪያ ነበር። ኤፍሲሲ የአሜሪካ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። መመሪያው ጣቢያዎች ሁለት ነገር እንዲያደርጉ ያዝ ነበር። አንደኛ፣ አከራካሪ የሕዝብ ጉዳዮችን እንዲያነሱ። ሁለተኛ፣ ተቃራኒ ሐሳቦችም ምክንያታዊ ዕድል እንዲያገኙ። እኩል ደቂቃ ስጡ አይልም። ለዕጩ ተወዳዳሪዎች እኩል ዕድል ይሰጥ የሚለው ሌላ ሕግ ነው። እሱ በ1934ቱ የኮሚዩኒኬሽን ሕግ አንቀጽ 315 ላይ ያለና ዛሬም የሚሠራ ነው። ሁለቱን መቀላቀል በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ዶክትሪኑን አጽድቆት ነበር። በ1987 ኮንግረስ ሕግ ሊያደርገው ሲል ፕሬዚዳንት ሬገን ውድቅ አደረጉት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኤፍሲሲ ራሱ ሻረው።

በ1988 ወግ አጥባቂው የሬዲዮ አዘጋጅ ራሽ ሊምባው ከሳክራሜንቶ ተነስቶ ኒው ዮርክ ገባና ፕሮግራሙ በመላ አገሪቱ መሰራጨት ጀመረ። ይህን ያስቻለው የሕጉ መነሳት ብቻ አይደለም። ኤኤም ጣቢያዎች በወቅቱ ችግር ላይ ነበሩ። ሙዚቃው ጥራት ፍለጋ ወደ ኤፍኤም ሄዶባቸዋል። ባዶ ሰዓት አለ፤ ገንዘብ የለም። የሊምባው ፕሮግራም ደግሞ ለብዙ ጣቢያዎች ሲጀምር በነጻ ነው የመጣው። ጣቢያው ብር አይከፍልም። በምትኩ ከፕሮግራሙ ውስጥ የተወሰኑ የማስታወቂያ ደቂቃዎችን አከፋፋዩ ወስዶ ይሸጣቸዋል። ለከሰረ ጣቢያ ሦስት ሰዓት በነጻ መሙላት ማለት አዘጋጅ፣ ፕሮዲዩሰር፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው አለመቅጠር ማለት ነው። ያንን የማይወስድ ሥራ አስኪያጅ ማን ነው?

ከዚያ ፕሮግራም አመዳደብ ላይ አንድ ትምህርት ተገኘ። ከሊምባው በኋላ ሊበራል አዘጋጅ ስታስገባ አድማጩ ይነሳል። ሊበራሉም ወግ አጥባቂው ሲመጣ ይነሳል። በጾም ቀን ጾም ምግብ ቤት ብሎ የገባ ሰው አንድ ቀን ሽሮ፣ አንድ ቀን ክትፎ ቢቀርብለት ሁለተኛ አይመለስም። ስለዚህ ጣቢያዎች ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቀለም ያዙ። እዚህ ላይ ሬቲንጉ በእርግጥ ሚና አለው። ቁጥሩ «ወደ ቀኝ ሂድ» አላለም፤ «አትቀላቅል» ነው ያለው። ቀድሞ የመጣው ቀኙ ስለሆነ ቦታውን ያዘ።

የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ቀሪውን ጨረሰ። ከዚያ በፊት አንድ ኩባንያ በመላ አገሪቱ ሊይዝ የሚችለው የጣቢያ ብዛት በ40 የተገደበ ነበር። ሕጉ ገደቡን አነሳ። በትልልቅ ከተሞች ውስጥም አንድ ባለቤት እስከ ስምንት ጣቢያ እንዲይዝ ፈቀደ። ክሊር ቻናል የተባለው ኩባንያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,200 በላይ ጣቢያ ሰበሰበ። አንድ ቢሮ ለመቶ ከተማ ሲወስን ርካሹና የተፈተነው ነገር ይመረጣል። የአካባቢው አዘጋጅ ይሸኛል፤ ከሌላ ከተማ የመጣ ድምፅ ይተካል።

በ2007 ሁለት የጥናት ተቋማት ትልልቆቹ አምስት ባለቤቶች የያዟቸውን 257 የቶክ ጣቢያዎች መርምረው ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከነበረው የፖለቲካ ንግግር 91 በመቶው ወግ አጥባቂ፣ 9 በመቶው ሊበራል ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር ብዙ ይጠቀሳል። ግን የቆጠረው እነዚያን የንግድ ጣቢያዎች ብቻ ነው። የሕዝብ ሬዲዮውን ኤንፒአርን፣ የጥቁሮችን ጣቢያዎች፣ የስፓኒሽ ጣቢያዎችን አላካተተም። ሊበራሉ አድማጭ በብዛት ያለው ደግሞ እዚያ ነው። በ2004 ኤር አሜሪካ የተባለ የሊበራል ቶክ መረብ ተቋቁሞ በ2010 መጀመሪያ የተዘጋው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ብዙ ከተሞች ውስጥ ያገኘውም ሞገዱ ደካማ የሆነ ኤኤም ጣቢያ ነበር። «ሊበራል ሬዲዮ አይሸጥም» የሚለው ድምዳሜ ይህን ሁሉ ይዘላል።

ከፍ ያለ ሬቲንግም ሁልጊዜ ብር አያመጣም። በ2012 ሊምባው በአንዲት የሕግ ተማሪ ላይ ጸያፍ ስድብ ከተናገረ በኋላ ብዙ ድርጅቶች ማስታወቂያቸውን አነሱ። ሌሎች ደግሞ ከየትኛውም የፖለቲካ ቶክ ፕሮግራም አጠገብ እንዳይቀመጡ ጠየቁ። አድማጩ አልሄደም፤ ገዢው ነው የሄደው። ጣቢያዎችን የጎዳቸው ይኸኛው ነው።

ወደ ኬጂኦ ልመለስ። በ2011 ኪውሙለስ የተባለ ኩባንያ የጣቢያውን ባለቤት ሲታዴልን ጠቅልሎ ገዛ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ አብዛኞቹ የውይይት አዘጋጆች በአንድ ቀን ተሰናበቱ፤ ጣቢያው ወደ ዜና ዞረ። ጂን በርንስ የለም፤ ሬይ ታሊያፌሮም የለም። ኦወንስ ቀረ። አድማጩ በተቃውሞ ሸሸ፤ ሬቲንጉም ተዘቀዘቀ። ከዚያ በኋላ ውይይቱን ለመመለስ ተሞከረ፣ ሠራተኛ ተቀነሰ፣ እንደገና ተሞከረ። በጥቅምት 2022 ኬጂኦ ውይይቱን በድንገት አቁሞ የስፖርት ውርርድ ጣቢያ ሆነ። ከሁለቱ እህት ጣቢያዎች በሕይወት የቀረው የፖለቲካ ቶክ ወግ አጥባቂው ኬኤስኤፍኦ ነው፤ ያውም በአሜሪካ በጣም ሊበራል ከሚባሉት ከተሞች በአንዷ ውስጥ። ሬቲንግ የከተማውን ፖለቲካ ቢያንጸባርቅ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። አብዛኛው ፕሮግራሙ ከሌላ ቦታ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ጣቢያ ትንሽ አድማጭ ይዞ መኖር ይችላል። የራሱን አዘጋጆች የሚቀጥር ጣቢያ አይችልም።

ወገንተኝነቱ የሚታየው ከየት ሆኖ ነው?

አድማጩም ራሱ ሚዛን አለው። በ1985 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች አንድ ታዋቂ ጥናት አሳተሙ። በ1982 በቤይሩት ስለተፈጸመው የሳብራና ሻቲላ ጭፍጨፋ የተሠሩ የቴሌቪዥን ዜናዎችን ለተማሪዎች አሳዩ። እስራኤልን የሚደግፉት «ዜናው በእስራኤል ላይ ያዳላል» አሉ። አረቦችን የሚደግፉት «ለእስራኤል ያዳላል» አሉ። ያዩት አንድ ዓይነት ፊልም ነው። ስለ ጉዳዩ ብዙ የሚያውቁትና አጥብቀው የሚቆረቆሩት ደግሞ ይበልጥ አድልዎ አዩ።

ይህ ማለት አድልዎ የለም ማለት አይደለም። አለ፤ አንዳንዴም ግልጽ ነው። ግን «ሁለቱም ወገን ስለሚከሰን ሚዛናዊ ነን» የሚለው የጣቢያ ሥራ አስኪያጆች መከላከያ ምንም አያረጋግጥም። «እኔ ስሰማው አድልቷል» የሚለውም ብቻውን አያረጋግጥም። የሚሻለው የሚቆጠር ነገር መቁጠር ነው። በሳምንት ውስጥ ማን ተጋበዘ? ማን ሳይቋረጥ ተናገረ? ሳይነሳ የታለፈው የትኛው ጉዳይ ነው? ለእኔ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። ያልተነሳ ጉዳይ ጆሮ ላይ አይቀርምና።

ክሱ አንዳንዴ በጀት እስከ መቁረጥ ይደርሳል። በሐምሌ 2025 የአሜሪካ ኮንግረስ ለሕዝብ ብሮድካስት ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘ። ዋናው መከራከሪያ ኤንፒአርና የሕዝብ ቴሌቪዥኑ ፒቢኤስ ወደ ግራ ያዳላሉ የሚል ነበር። ኤንፒአር ራሱ ከፌዴራል በጀት በቀጥታ የሚያገኘው ከገቢው አንድ በመቶ ገደማ ነው። ክፉኛ የሚመቱት በገጠርና በነባር ሕዝቦች መንደር ያሉት ትንንሽ ጣቢያዎች ናቸው። ስለ ኤንፒአር ዜና ያለን አስተያየት ምንም ይሁን፣ ጥይቱ የተተኮሰበትና የወደቀው አንድ አይደሉም።

ዋሽንግተን አካባቢ ያለ አንባቢ ደብሊውቶፕን ያውቀዋል። በታክሲና በኡበር የሚሠሩ ወገኖቻችን መንገድ ተዘጋግቶ እንደሆነ ለማወቅ የሚከፍቱት ኤፍኤም 103.5 ነው። ትራፊክና አየር ጠባይ በየአሥር ደቂቃው፣ መሐል ላይ አጭር አጭር ዜና። የፖለቲካ ክርክር የለበትም። ይህ ጣቢያ ለብዙ ዓመታት በመላ አሜሪካ ከፍተኛውን የማስታወቂያ ገቢ ያስገባ ጣቢያ ተብሏል። ሰው ለአጭር ጊዜ ሰምቶ ይሄዳል፣ እንደገና ይመጣል። ለአዲሱ ሚዛን የተሠራ ይመስላል። ወገን ሳይያዝም አንደኛ መሆን እንደሚቻል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

እዚያው ዋሽንግተን አካባቢ ያሉት የአማርኛ ሬዲዮ ፕሮግራሞች ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። አዘጋጁ ከአንድ ኤኤም ጣቢያ ሰዓት ይገዛል። ማስታወቂያውን ራሱ ከምግብ ቤት፣ ከጉዞ ወኪል፣ ከጠበቃ ያመጣል። አድማጩ ለኒልሰን መሣሪያ በጣም ትንሽ ስለሆነ የሚታይ ሬቲንግ የለም። አንዱ ፕሮግራም «በብዛት የምንደመጠው እኛ ነን» ሲል የሚያረጋግጥለትም የሚያስተባብልበትም ሠንጠረዥ የለም። ከስድስት እስከ ሰባት ያለው ፕሮግራም መንግሥትን ሲያወግዝ፣ ከሰባት እስከ ስምንት ያለው ሲያሞግስ ሊውል ይችላል፤ በአንድ ሞገድ ላይ። «ጣቢያው የእነ እገሌ ነው» የሚለው ወቀሳ እዚህ ብዙ ጊዜ አድራሻውን ይስታል። ጣቢያው ሰዓት ሻጭ ነው፤ አቋሙ የገዢው ነው።

ስለ ገዢው ለማወቅ ግን መንገድ አለ። በኤፍሲሲ ደንብ መሠረት የተከፈለበት ስርጭት ማን እንደከፈለለት አየር ላይ መነገር አለበት። በ2021 ደግሞ ሰዓቱን የገዛው የውጭ መንግሥት ወይም ወኪሉ ከሆነ ይኸው በግልጽ እንዲነገር የሚያስገድድ ደንብ ጸድቋል። እያንዳንዱ ጣቢያ በኤፍሲሲ ድረ ገጽ ላይ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ አለው። የፖለቲካ ማስታወቂያ ማን እንደገዛ፣ በስንት እንደገዛ፣ ጣቢያው የማን እንደሆነ እዚያ ይገኛል። የጣቢያውን መጠሪያ ፊደላት አስገብቶ መፈለግ ብቻ ነው፤ ክፍያ የለውም።